ወርቅ የሚፈጨው ልጄ

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ በነበረችው ሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አይታይም። ደንበኛው ካኪ ይምረጥ ከፋይ፣ አባቴ ጥቅሉን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና በሩ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይዘረጋዋል። «አምፖል ውሸታም ነው» ይላል። «ጥቁሩን ሰማያዊ፣ ሰማያዊውን ጥቁር ያደርግብሃል። ኋላ ቤትህ ስትገባ የምትረግመው እኔን ነው። ወደ በር አውጣው!» ደንበኛው ቸኩሎ «ይሁን ሀጂ፣ አይቼዋለሁ» ካለው አባቴ ይቆጣል። የጨርቁን እንከን ራሱ ፈልጎ፣ ጣቱን አስገብቶ ለገዢ የሚያሳይ ነጋዴ ጎንደር ውስጥ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር፤ ደንበኞቹ ግን ከዳባትና ከደባርቅ ድረስ እየመጡ ከሱ በቀር ሌላ ዘንድ አይገዙም።

እኔ የዚህ ሰው ልጅ ብርሃን አጠናሁ፤ ፊዚክስ ማለቴ ነው። እዚያው ጎንደር አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩና እያስተማርኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀመርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ተኩል ይፈጅ ነበር። በአማርኛ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ወርቅ ትወስድና የፀጉርህ ውፍረት ለሺህ ቢከፈል የሚደርሰውን ያህል ታደቅቀዋለህ። ያንን ናኖ ቅንጣት በደም ሥር ትልከዋለህ። የካንሰር ዕጢ ደም ሥሮቹ እንደ አሮጌ ጆንያ ያፈሳሉና ቅንጣቱ እዚያ ሾልኮ ይጠራቀማል። ከዚያ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ በምስል መሣሪያ ሲታይ ዕጢው የት እንዳለና እስከ የት እንደተሰራጨ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ከውጭ ሲበራበት ቅንጣቱ ይግልና ዕጢውን ያቃጥላል፤ ጤነኛው ሥጋ ብዙም አይነካም። አይቶ ማቃጠል፣ በአንድ ቅንጣት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን ወርቅ የሚባል ነገር በእጄ አልነበረም። ወርቁም የምሞክርባት አይጥም ዕጢዋም ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ ሦስቱም አብረው ይጠፋሉ። ሌዘር አላችሁ ወይ የሚለኝ ሰው ካለ አንዲት ነበረችን፤ ስናስተምር ሰሌዳ ላይ የምንጠቁምባት፣ ቀይ፣ ባትሪዋ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ።

ለአባቴ መጀመሪያ የነገርኩት ቀን «ወርቅ» የምትለዋን ቃል ብቻ ያዘ።

«ስንት ግራም ነው?» አለኝ።

«በግራም አይሆንም አባባ። በዓይን እንኳ አይታይም።»

«የማይታይ ወርቅ! እሱንማ እዚህም የሚሸጡ አሉ፤ ፖሊስ ይዟቸዋል።»

እንዲህ ይበል እንጂ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። «ወርቅ የሚፈጨው ልጄ» ይለኝ ጀመር። ሱቅ ብቅ ባልኩ ቁጥር አንዱ ነጋዴ «ና እስቲ፣ እጅህን አራግፍልን» ይለኛል። አባቴ አብሮ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን አይስቅም፤ ይኮራል። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ክረምት አባቴ ኹፍ መልበስ ጀመረ። ኹፍ የቆዳ ካልሲ ነው። ሙስሊም ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን መታጠብ አለበት፤ ታጥቦ ኹፍ ካጠለቀ ግን አገሩ ላለ ሰው ለአንድ ቀንና ሌሊት ማውለቅ የለበትም፤ በረጠበ እጁ ላዩን ዳበስ ቢያደርግ ይበቃዋል። ድሮ ሽማግሌዎች በብርድ ጊዜ ያደርጉት ነበር። አባቴ ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ በቀዝቃዛ ውኃ እግሩን እያሻሸ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጧት ድንገት ቡናማ ኹፍ አጥልቆ መጣ፤ ከዚያ በኋላ እግሩን ያየ ሰው የለም። በቀን አንዴ ማውለቅ ስላለበት ጎህ ሲቀድ በሩን ዘግቶ ለብቻው ይታጠባል። መስጊድ ውስጥ «ሀጂ የነቢዩን ሱና ያዘ» ተባለ። እናቴ «ዕድሜ ሲገፋ ዲን ይጠነክራል» አለች። እኔን ጠየቁኝ፤ ሳይንሱን ነዋ! «ቆዳ ሙቀት ይይዛል፤ ለደም ዝውውር ጥሩ ነው» አልኩ። አቤት እውቀት!

አንድ ጁምዓ ከሶላት መልስ አዲስ ዓለም ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ ቀረበ። ሩዝ ነበር። አባቴ እጁን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ፣ ምንም ሳይባል፣ «እስቲ ያንን የወርቅህን ነገር በደንብ ንገረኝ» አለ። እናቴ እንኳ ቀና ብላ አየችው። ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ አያውቅም፤ «አለፍክ?» ነበር ዕድሜ ልኩን የሚለኝ፤ «አልፌያለሁ» ስለው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ በቃ። ልቤ ዘለለ። ከሩዙ ላይ አንድ ዘቢብ አነሳሁና መሐል አስቀመጥኩ። «ይሄ ዕጢው ነው፤ ሩዙ ጤነኛው ሥጋ ነው» አልኩ።

ጥያቄው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። «ምን ያህል ይሞቃል?» አለ።

«ብዙ አይደለም። ውኃ እንኳ አያፈላም። ክፉው ሥጋ ሙቀት አይችልም አባባ፤ እንደ ጤነኛው አይደለም፤ ቶሎ ይሞታል።»

«ከሞተ በኋላስ? ይመለሳል?»

«በደንብ ከተቃጠለማ ከየት ይመለሳል!»

«ቢላ ሳይነካው?»

«ያለ ቢላ! ጥበቡ እሱ ነዋ።»

ዘቢቡን በጣቴ ጨፍልቄ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም፤ «ማሻአላህ» ብሎ ለረጅም ጊዜ ሩዙን አየ። ሩዙ እየቀዘቀዘ ስለነበር ከሁለቱ ሥራ አንዱን ብቻ ነበር የነገርኩት፤ ማቃጠሉን። ሲያወሩት የሚጥመው እሱ ነው። አስተማሪ ደግሞ የሚጥመውን ያውቃል።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ለሠርግ ዳባት ሄደ። እዚያ አንድ የቆየ ደንበኛ አለው፤ ክርስቲያን ገበሬ፣ ሁለቱም በጉርምስናቸው የተዋወቁ፣ በዓልም ለቅሶም የማይቀርባቸው። ያ ሰው ድግስ በደገሰ ቁጥር ለአባቴ አንድ በግ በሕይወቱ ያቆይለታል፤ ራሱ ባርኮ አርዶ እንዲበላ። ሁለት ቀን ቆይቼ እመጣለሁ ያለው አባቴ በዘጠነኛው ቀን በወለቃ በኩል በሚገባ መኪና ተጭኖ መጣ፤ ያነክሳል። «ድንጋይ አንሸራተተኝ» አለ። «አላህ ያሽርህ» ተባለ። እናቴ ቅቤ ልቀባህ ብላ ኹፉን ልታወልቅለት ብትጎነበስ እግሩን ሰበሰበ። እሷም ተቀየመችና ተወችው።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን አባቴ አዳራሽ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከፊት ወንበር አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድ ቃል አልገባውም። ጎኗ ላይ ያለው ዕጢ ብርቱካንማ ሆኖ የሚያበራ የአይጥ ሥዕል ስክሪኑ ላይ አወጣሁ፤ በዚያች በቀይ ሌዘር ዙሪያውን እያከበብኩ «እንደምታዩት ቅንጣቱ ዕጢውን የትም ቢደበቅ ያገኘዋል» አልኩ። ታዳሚው አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። እኔ ከቆምኩበት እስከ እግሩ ጫማ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው።

ውጤቱ እጅግ በጣም ጥሩ ተባለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ጥቅል ሳወርድ የዳባቱ ሰው መጣ። ገና ከደጃፉ ቆሞ አባቴ ከመደርደሪያው ወደ በሩ ሲራመድ አየው። ይህ ሰው በቅሎ ሲገዛ ጥርሷን ሳይሆን አረማመዷን የሚያይ ነው፤ አንዴም ተታሎ አያውቅም ይባላል።

«ምነው አያ፣ እግርህን ትሰርቃለህሳ?» አለው። «ያ እሳት ሸጋ አላረገህም እንዴ?»

ጥቅሉ ከእጄ ወደቀ። «የምን እሳት?»

እስኪነግሩኝ ድረስ ወጥሬ ያዝኳቸው። ለካስ የሠርጉ ሰሞን ከዳባት ወጣ ብሎ ያለ አንድ ተኳሽ ዘንድ ሄደው የአባቴን ተረከዝ በጋለ ብረት አስተኩሰውታል፤ ሦስት ጊዜ። ጥቁር ነጥብ ወጥቶበት ነበር፤ እያደገ የመጣ ነጥብ። ኹፉ የመጣው ለዚያ ነው፤ መስጊድ ውስጥ እግር መታጠቢያው ላይ ሰው አይቶ እንዳይጠይቀው። አገሬው በእሳት የማይተኩሰው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ እባጭ፣ ቁርጥማት፣ የከብት ዕብጠት።

«እናንተ ሰዎች!» ብዬ የዳባቱ ሰው ላይ ጮህኩበት። አባቴን የሚያህል ሰው ነው፤ አያ ብዬ ያደግኩት። «ሰው እንደ በሬ ይተኮሳል? ሀኪም ቤት አጠገቡ ያለ ሰው አውጥታችሁ ጫካ ለጫካ ታቃጥሉታላችሁ? ምን ዓይነት ድንቁርና ነው!»

ሰውየው አፉን ከፈተ። አባቴ ራሱን ነቀነቀበት። ሰውየውም መልሶ ዘጋው።

«ተው» አለኝ አባቴ። «እሱን አትንካ።»

«ማርያም ትማርህ አያ» አለ የዳባቱ ሰው ለአባቴ። እኔን አላየኝም። የሚገዛውን ጨርቅ ሳይገዛ ወጣ።

እግርህን ልየው ብለው አሻፈረኝ አለ። ለመንኩት። ተቆጣሁ። በመጨረሻ የራሱን ቃል መለስኩለት፤ «ወደ በር አውጣው!» አልኩት። ለአፍታ አየኝና አንዲት ሳቅ አመለጠችው። መቀመጫ ዱካዋን ራሱ አንስቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፀሐይዋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ኹፉን አወለቀ። የተተኮሰው ቦታ ጠባሳ ሆኗል። ጥቁሩ ግን ከጠባሳው ሥር ወጥቶ ዙሪያውን ሄዷል፤ መሐሉ ቆስሎ እርጥብ ነው። ሦስት ዓመት ዕጢ ስስል ኖሬ ዕጢ ያየሁት ያን ቀን ነው። በጣም ፈራሁ።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ያየችው ሐኪም ወጣት ናት፤ እጇ ለስላሳ፣ ንግግሯ ቀጥተኛ። ከቁስሉ ተቆርጦ የተመረመረው ሥጋ ውጤት ሲመጣ እንደ አገራችን ወግ በሽተኛውን ትታ እኔን ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። የቆዳ ካንሰር ነው፤ ጥቁሩ ዓይነት። ብሽሽቱ ላይ ያበጠ ነገር አለ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል።

«ነጥብ ሳለ ቢመጣስ?» አልኳት።

«ያኔ ተረከዙ ላይ ተቆርጦ ይወጣ ነበር ይሆናል። እሳቱ ላዩን አጠፋው፤ እናንተም የዳነ መሰላችሁ፤ ውስጥ ውስጡን ሄደ።» ወረቀቷን አጠፈች። «ምንድን ነው የምትሠራው አንተ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የፊዚክስ» አልኳት። የቀረውን ምን ብዬ ልንገራት?

አባቴ ወደተኛበት ክፍል ስገባ ፊቴን አስተካክዬ «ቁስሉ አመርቅዟል፤ ትንሽ ማጽዳት ያስፈልጋል» አልኩት። ወጉ ነው፤ በሽተኛ አይነገረውም። አባቴ ከትራሱ ቀና አለ።

«ልጄ፣ አምፖል አትሁንብኝ» አለኝ።

ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ «አልሐምዱሊላህ» አለና ውኃ ጠየቀ።

እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ቤት ተቀምጦ ቀልዱ ባሰበት። «ለአንዱ ኹፍ ገዢ ፈልጉልኝ፤ አንድ እግር ያለው ታማኝ ሰው» ይላል። ሊጠይቁት የሚመጡት ሁሉ ምን ሆነህ ተተኮስክ ሲሉት «ድንቁርናዬ ነው» ይላቸዋል፤ ሌላ አይጨምርም። እኔ ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «የዳባት ሰዎች ናቸው» እያልኩ እጨምርላቸው ነበር። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የዳባቱ ሰው ሁለት ጊዜ ሊጠይቀው መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰላም ሳልለው ወጣሁ።

አንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ሆነን «ያ የማይታይ ወርቅህ ቢኖር፣ ሥሩን ያገኘው ነበር?» አለኝ።

«አይጥ ላይ ያገኘዋል አባባ።»

«ያቺ የኮምፒውተሯ አይጥ?»

«አዎ።»

«ታድላለች» አለ። ሳቅን፤ እሱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

ለቅሶ ላይ የዳባቱ ሰው መጣ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔ ለመጣ ሁሉ ስነሳ ለሱ አልተነሳሁም። ሰው አየ፤ እናቴም አየች፤ ግድ አልሰጠኝም። በሦስተኛው ቀን ሊሄድ ሲል አጠገቤ መጥቶ «ልጄ፣ ና እስቲ ወደ በር» አለኝ። ሰው እያየን ስለነበር ተከትዬው ወጣሁ። ፀሐይ ነበር።

«እኔ ቂም ይዤ አይደለም» አለ። «ሰድበኸኛል፣ ይሁን፣ አባትህን ነው ያጣኸው። ግን አንዲት ነገር ሆዴን ትበላኛለች፤ ሳልጠይቅህ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ጠይቁኝ አያ» አልኩት ደረቅ አድርጌ።

«ያን ጊዜ እግሩን ሲያሳየኝ ሀኪም ቤት ሂድ ብየው ነበር። ማርያምን ነው የምልህ! እኔ በቅሎዬን እንኳ ጥቁር እብጠት ሲወጣባት ለተኳሽ አልሰጥም፤ አንዲቷን ገድሎብኛል። ተጣላን። እሱ ግን፣ የለም፣ ልጄ የተማረው ይሄንኑ ነው፤ ክፉ ሥጋ ሙቀት አይችልም ብሎኛል፤ በደንብ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ቢላም የለው። ልጄ ወርቅ አለው፣ እናንተ ብረት አላችሁ፣ እሳቱ አንድ ነው አለኝ። የተማረ ልጅ ያለው ሰው፣ ምን ብዬ ልከራከረው? ይዤው ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ ልነግርህ ስል አይቶ ከለከለኝ፤ አንተም አይተኸዋል።»

እግሬ ሥር ያለውን ድንጋይ አየሁ። ዘቢቡ፣ ሩዙ፣ የእናቴ ሳቅ ሁሉ መጣብኝ። የጽሑፌ ገጾች ሁሉ ከማቃጠል በፊት ማየት ነበር የሚሉት። ያንን ነው ሩዝ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ የዘለልኩት፤ እሱ ደግሞ ጨርቁን ሳያሳይ ለማንም ሸጦ የማያውቅ ሰው ነበር።

«እና አሁን የምጠይቅህ» አለ ሰውየው፣ «እንዲያ ብለኸዋል? ወይስ ሽማግሌው ሐኪም ፈርቶ፣ በአንተ አሳቦ ዋሸኝ?»

ዋሽቷል ብለው ያምነኝ ነበር። ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ እንዲያውም የፈለገው እሱን ነው መሰለኝ፣ ለኔ ብሎ።

«ብዬዋለሁ አያ» አልኩት። «ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ሰውየው ክንዴን ያዝ አደረገኝ፤ ቆየና ለቀቀኝ።

«እንግዲያው አልዋሸም» አለ። ጋቢውን አስተካክሎ የዳባት መኪና ወደሚቆምበት ወረደ።